የክሊር ክሪክ አቧራ

በ2004 እና በ2005 በካሊፎርኒያ የዲያብሎ ተራሮች ውስጥ በሞተርሳይክል ሲመላለሱ ከነበሩት ሰዎች መካከል አንዳንዶቹ ለመዝናናት የመጡ አልነበሩም። አየር የሚስብ ትንሽ ፓምፕ ታጥቀዋል። ከፓምፑ የወጣው ቀጭን ቱቦ አፍና አፍንጫቸው አጠገብ ያበቃል፤ ጫፉ ላይ ማጣሪያ አለው። ይነዳሉ፣ አቧራ ያስነሳሉ፣ ያንኑ አቧራ ይሰበስባሉ። ሌሎች ባለ አራት ጎማ ሞተር ይዘው፣ ሌሎች ደግሞ መኪና ውስጥ ሆነው ይህንኑ ሥራ ይሠራሉ። በእግር መሄድና ድንኳን ተክሎ ማደር ተለካ። ከጉዞ መልስ መኪናውን ማጠብና ውስጡን ማጽዳት ሳይቀር ተለካ።

ሰዎቹን ያሰማራቸው የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ነው። ጥያቄውም ይህ ነበር፦ በክሊር ክሪክ ጥርጊያዎች ላይ ሞተር ሲነዳ የዋለ ሰው ስንት የአስቤስቶስ ጭረት ወደ ሳንባው ያስገባል?

ክሊር ክሪክ በሳን ቤኒቶ አውራጃ ደቡባዊ ጫፍ የሚገኝ፣ በፌዴራሉ የመሬት አስተዳደር ቢሮ ሥር ያለ የሕዝብ መሬት ነው። ከዲያብሎ ሰንሰለት ከፍተኛው የሆነው፣ 1600 ሜትር የሚጠጋው የሳን ቤኒቶ ተራራ እዚያው ነው። የአካባቢው አለት ሰርፐንቲን ይባላል፤ ወደ አረንጓዴና ሰማያዊ የሚያደላ፣ ሲነኩት የሚያሙለጨልጭ ድንጋይ ነው። ከዚህ ድንጋይ የሚወጣው አፈር ማግኒዥየም የበዛበት፣ ካልሲየም ያነሰው፣ ኒኬልና ክሮሚየም የተቀላቀለበት ስለሆነ ብዙ ተክል አይወደውም። ስለዚህ ከጥድ ደኑ መካከል ራሰ በራ የሆኑ ገላጣ ቁልቁለቶች ብቅ ብቅ ይላሉ። ለሞተር ነጂ እንዲህ ያለ መሬት ከስንት አንዴ የሚገኝ ነው። ዛፍ አይጋርድም፣ ቁጥቋጦ አይዝም፣ ዳገቱም ልብን ያንጠለጥላል። ቦታው ለበርካታ አሥርት ዓመታት ከሳን ሆዜ፣ ከሳሊናስና ከፍሬስኖ አባት ልጁን ይዞ፣ ጓደኛ ጓደኛውን አስከትሎ የሚመጣበት ነበር።

ድንጋዩ ሌላም ነገር ይዟል። በ1907 ቤኒቶይት የተባለው ሰማያዊ የከበረ ድንጋይ የተገኘው በዚሁ ተራራ ነው፤ በ1985 የካሊፎርኒያ ግዛት መለያ ዕንቁ ሆኖ ተሰይሟል። በተራራው ሰሜናዊ ግርጌ ያለችው ኒው ኢድሪያ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ባዜቃ የተቆፈረባት መንደር ናት። ከሁሉ በላይ ግን ሰርፐንቲኑ ክሪሶታይል የተባለውን የአስቤስቶስ ዓይነት በብዛት አቅፏል። ክሪሶታይል እንደ ቃጫ የሚፈለቀቅ፣ እሳት የማይበላው ማዕድን ነው፤ ሲፈጭና ሲረገጥ ግን ዓይን ወደማያያቸው ጭረቶች ይበተናል። በአሜሪካ ምድር የመጨረሻው የአስቤስቶስ ማዕድን ማውጫ በ2002 የተዘጋው በዚህ አካባቢ ነው። በስተምሥራቅ፣ ከኮሊንጋ ከተማ ወደ ተራራው ሲወጣ ያሉት ሁለት የቀድሞ የአስቤስቶስ ሥፍራዎችም በፌዴራሉ መንግሥት የተመረዙ ቦታዎች ዝርዝር ውስጥ የገቡት በ1984 ነበር።

የመለኪያዎቹ ውጤት ግንቦት 1 ቀን 2008 ወጣ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ቀናት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።) በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ወደ ክሊር ክሪክ የሚሄድ ሰው በካንሰር የመያዝ ዕድሉ ኤጀንሲው ሊታገሠው ከሚችለው መጠን ሊያልፍ ይችላል ተባለ። ያ መጠን ከአንድ ሚሊዮን ሰው አንድ፣ ግፋ ቢል ከአሥር ሺህ ሰው አንድ ነው። ከኋላ ተከትሎ የሚነዳው ከፊት ከሚመራው የበለጠ ይተነፍሳል፤ የፊተኛው ያስነሳውን አቧራ የኋለኛው ይቀበለዋልና። በልጅ ቁመት የተለካው አየር ደግሞ በአዋቂ ቁመት ከተለካው የባሰ ሆኖ ተገኘ። ልጅ ለመሬት ቅርብ ነው። ለጭረቱ ሥራ የሚተርፍለት ዕድሜም ብዙ ነው፤ አስቤስቶስ የሚያመጣው በሽታ ብዙ ጊዜ የሚታየው ከአሥርና ከሃያ፣ አንዳንዴም ከአርባ ዓመት በኋላ ነውና።

በዚያው ዕለት የመሬት አስተዳደር ቢሮ 31,000 ኤከር፣ ማለትም ወደ 12,500 ሄክታር የሚጠጋውን ሰርፐንቲናማ ቦታ ለሁሉም ሰው ዘጋ።

ለመዝጋት አንድ ቀን በቃ። ለመክፈት ግን ሌላ መንገድ አለ፤ ይህ ጽሑፍ የሚያስተዋውቀውም ያንን መንገድ ነው። አሜሪካውያን የሕዝብ አስተያየት ይሉታል። ስሙ ቀላል ስለሆነ ብዙ ሰው የድምፅ መስጫ ወይም የአቤቱታ ሳጥን ይመስለዋል፤ አንዱም አይደለም።

ነገሩን ከሥሩ ለመያዝ የመሬቱን ስፋት ማሰብ ይበጃል። የመሬት አስተዳደር ቢሮ ብቻውን 245 ሚሊዮን ኤከር ያስተዳድራል። ይህ ወደ አንድ ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ፣ የኢትዮጵያን የቆዳ ስፋት ሊያክል ጥቂት የቀረው መሬት ነው፤ አብዛኛው የሚገኘው በምዕራቡ የአገሪቱ ክፍል ነው። ባለቤቱ ሕዝብ፣ ጠባቂው መንግሥት ነው። እረኛው ያሰማራበታል፣ ማዕድን ፈላጊው ይቆፍርበታል፣ አዳኙ፣ ተጓዡና ሞተረኛው በየፊናቸው ይጠቀሙበታል። በ1960ዎቹ ርካሽ ሞተርሳይክልና ባለ አራት ጎማ ነጂ መኪና በተራ ሰው እጅ ሲገባ፣ ከዚያ በፊት የበቅሎና የከብት ዱካ የነበረው ሁሉ የጎማ መንገድ ሆነ። ማንም አልፈቀደውም፣ ማንም አልከለከለውም።

ፕሬዚዳንት ኒክሰን በየካቲት 1972 ያወጡት ትእዛዝ ይህን ለማስቆም የተደረገ የመጀመሪያው አገር አቀፍ ሙከራ ነው። ትእዛዙ ራሱ በመግቢያው ላይ በአገሪቱ 5 ሚሊዮን ያህል ከመንገድ ውጭ የሚነዱ መዝናኛ ተሽከርካሪዎች እንዳሉ ይጠቅሳል። እያንዳንዱ የመሬት ባለአደራ መሥሪያ ቤት የትኛው ጥርጊያ ለሞተር ክፍት፣ የትኛው ዝግ እንደሆነ እንዲለይ አዘዘ። ሲለይም በአፈር፣ በውኃ፣ በዕፅዋትና በአራዊት ላይ የሚደርሰውን ጉዳት እንዲሁም ከሌላው ተጠቃሚ ጋር የሚነሣውን ግጭት እንዲቀንስ ጠየቀ። ሕዝቡ በልየታው ውስጥ በቂ የመሳተፍ ዕድል እንዲያገኝም በግልጽ ጻፈ። በ1977 ፕሬዚዳንት ካርተር አንድ ነገር ጨመሩበት፤ ተሽከርካሪ ከባድ ጉዳት እያደረሰ መሆኑ ከታወቀ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ቦታውን ወዲያውኑ እንዲዘጋ፣ ጉዳቱ ቆሞ ዳግም እንዳይደርስ መላ እስኪበጅለት ድረስም እንዳይከፍት። የመዝጊያው ፍጥነትና የመክፈቻው ዝግታ ከዚህ ይጀምራል።

ሌላው ምሰሶ ጥር 1 ቀን 1970 የተፈረመው ብሔራዊ የአካባቢ ፖሊሲ ሕግ ነው። ሕጉ መንግሥት በአካባቢ ላይ ትልቅ ለውጥ የሚያመጣ ነገር ከማድረጉ በፊት አስቀድሞ እንዲያጠናና ጥናቱን ለሕዝብ እንዲያሳይ ያስገድዳል። ጥሩውን ምረጥ አይልም፤ ዓይንህን ገልጠህ ምረጥ ነው የሚለው። ተመሳሳይ ሐሳብ በኢትዮጵያም ሕግ ውስጥ አለ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 92 ሕዝብ እርሱን የሚመለከቱ የአካባቢ ፕሮጀክቶች ሲታቀዱና ሲፈጸሙ ሐሳቡን የመግለጽ መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ በ2002 የወጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299ም የጥናቱ ሪፖርት ለሕዝብ ቀርቦ አስተያየት እንዲሰጥበት ይጠይቃል።

አሠራሩ በክሊር ክሪክ ዓይነት ጉዳይ ላይ ሲታይ እንዲህ ነው። ቢሮው ዕቅድ ሊያወጣ ማሰቡን በፌዴራል ሬጅስተር፣ በአሜሪካው ነጋሪት ጋዜጣ ላይ ያሳውቃል። በዚህ በመጀመሪያው ዙር ሰው የሚጠየቀው ምን ይጠና ተብሎ ነው። ብዙዎች ይህን ዙር ሳያውቁት ያልፋሉ፤ ትልቅ ስህተት ነው። ያልተጠየቀ ጥያቄ ረቂቁ ውስጥ አይገባም፣ ረቂቁ ውስጥ ያልገባ ነገር ደግሞ ኋላ ላይ ለመጨመር ይከብዳል። ከዚያ ወራት፣ ብዙ ጊዜም ዓመታት ቆይቶ ረቂቅ ጥናቱ ይወጣል። ረቂቁ አንድ ሐሳብ ብቻ አይዝም፤ ሙሉ በሙሉ ከመዝጋት እስከ ሙሉ በሙሉ መክፈት የተደረደሩ አማራጮች ይኖሩታል፣ የየአንዳንዳቸው መዘዝ ይተነተናል። ለመሬት አጠቃቀም ዕቅድ ሕዝቡ ረቂቁን አንብቦ አስተያየት የሚሰጥበት ጊዜ 90 ቀን ነው። በመጨረሻው ጥናት ላይ ደግሞ ቀድሞ በሂደቱ የተሳተፈና ጉዳዩ የሚነካው ሰው በ30 ቀን ውስጥ ተቃውሞ ማስገባት ይችላል።

ዜግነት አይጠየቅም። የትምህርት ማስረጃ አይጠየቅም። ከክሊር ክሪክ የጥቂት ሰዓት መንገድ በምትርቀው ሳን ሆዜ የሚኖር፣ ትናንት ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው በዚያ ተራራ ላይ ያለውን ሐሳብ መጻፍ ይችላል። ማወቅ ያለበት አንድ ነገር ስሙና አድራሻው ከጻፈው ጋር ለሕዝብ ሊታይ እንደሚችል ነው።

የሚጻፈው ነገር ክብደት ግን እኩል አይደለም። የመሥሪያ ቤቶቹ ባለሙያዎች ፍሬ ያለውን አስተያየት ፍሬ ከሌለው ይለያሉ። ጥርጊያው ይከፈትልን፣ አያቶቻችን ነድተውበታል የሚል ደብዳቤ ይመዘገባል፣ ይነበባል፣ መልሱ ግን አመሰግናለሁ ከማለት አያልፍም። ጥርጊያው ለዘለዓለም ይዘጋ፣ ሞተር ጠላታችን ነው የሚለውም ዕጣው ያው ነው። አንድ ማኅበር አዘጋጅቶት ሺህ ሰው የፈረመበት ደብዳቤ በይዘቱ እንደ አንድ ሐሳብ ይታያል። ካርታችሁ ላይ ይህ ጥርጊያ ጅረቱን በአንድ ቦታ ይሻገራል ይላል፣ እኔ በመጋቢት ሄጄ ሦስት ቦታ ሲሻገር አይቻለሁ፣ ፎቶውና የቦታው መለኪያ ይኸው የሚል ሰው ግን መልስ ማግኘት አለበት። መሥሪያ ቤቱ ጥናቱን ያርማል፣ ወይም ለምን እንደማያርም በጽሑፍ ያስረዳል። ጆሮ ዳባ ልበስ ካለ ፍርድ ቤት ይጠብቀዋል።

በጭብጨባ ወይም በእጅ ብልጫ የሚወሰን ቢሆን ኖሮ ብዙ አባላት ያለው ማኅበር ሁልጊዜ ባሸነፈ ነበር። አስተያየት የሚመዘነው በሚያመጣው እውቀት ስለሆነ፣ በቦታው ለሠላሳ ዓመት የነዳ አንድ መካኒክ በከተማ ካለ ትልቅ ድርጅት የበለጠ ሊሰማ ይችላል። ሁልጊዜ ይሰማል ማለት አይደለም። በሩ ግን ለእርሱ በሚመች ልክ ተሠርቷል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ችግሩ ብዙ ሰው በሩ ላይ ቆሞ መጮኹን እንጂ ይዞት መግባት ያለበትን ነገር አለማወቁ ነው።

ክሊር ክሪክ ላይ ይህ ሁሉ ተፈተነ። ረቂቁ በ2009 መጨረሻ ወጥቶ የአስተያየቱ ጊዜ ወደ 2010 ተሻገረ። የሞተረኞቹ ወገን ቁጣ ብቻ ይዞ አልመጣም። ከነርሱ መካከል ሪፖርቱን ገጽ በገጽ ያነበቡ ነበሩ። ክርክራቸው በአጭሩ ሲቀርብ ይህን ይመስላል። የአደጋው ስሌት የተነሣው በፋብሪካና በማዕድን ማውጫ ውስጥ በየቀኑ አስቤስቶስ ሲተነፍሱ ከኖሩ ሠራተኞች መረጃ ነው፤ በዓመት ጥቂት ቀን ክፍት አየር ላይ የሚነዳ ሰው ከነርሱ ጋር አይመዘንም። የአስቤስቶስ ዓይነቶችም አንድ አይደሉም፤ ክሪሶታይል ከሌሎቹ ይልቅ ቶሎ ከሳንባ ይወጣል። ለአሥርት ዓመታት ሰው ሲነዳበት በኖረ ቦታ የታመሙት የት አሉ? አዋቂ ሰው ማስጠንቀቂያውን አንብቦ በራሱ ሕይወት ቢወስንስ?

ሌላው ወገን ለየአንዳንዱ መልስ ነበረው። ከሃያ ዓመት በኋላ የሚታይ በሽታ ዛሬ ታማሚ የለም ተብሎ አይመዘንም፤ የታመመውም ሰው በልጅነቱ ከነዳበት ተራራ ጋር ሕመሙን ላያያይዘው ይችላል። ክሪሶታይልም ካንሰር ያመጣል፤ ይህን ኤጀንሲው ብቻ ሳይሆን የዓለም ጤና ድርጅትም ያለው ነው። አዋቂው ለራሱ ይወስን ቢባል እንኳ ከኋላው የተቀመጠው የስምንት ዓመት ልጅ አልወሰነም። አቧራው በልብስና በመኪና ምንጣፍ ላይ ተጭኖ ቤት የሚገባባት ሴትም አልተጠየቀችም።

ለልጁ የቀረበው ክርክር ከሁሉ የከበደ ነው። የሞተረኞቹ ወገን በአዋቂ ስም የተናገረው ብዙው ነገር አሳማኝ ቢሆንም፣ በልጅ ቁመት ለተለካው አየር ግን ያንኑ የሚመጥን መልስ አላቀረበም።

የሞተረኞቹ ወገን ግን በቃል ብቻ አልቆመም። የካሊፎርኒያ ግዛት የሞተር መዝናኛ ኮሚሽን የራሱን ጥናት አስጠና፤ ውጤቱ በ2011 ወጣ። የዚያ ጥናት አጥኚዎችም ሞተር እየነዱ አየር ሰበሰቡ፤ ያገኙት ግን ያነሰ ነው። አደጋው ሰዎች በየዕለቱ ከሚቀበሏቸው የመዝናኛ አደጋዎች እንደማይበልጥ ጻፉ። የፌዴራሉ ኤጀንሲ በበኩሉ በተለያየ ወቅት፣ በብዙ ዓይነት እንቅስቃሴ የሰበሰበውን ይዞ በአቋሙ ጸና። አሁን በጠረጴዛው ላይ ሁለት መለኪያ አለ። ክርክሩ ከይከፈትና ከይዘጋ ወጥቶ አፈሩ ምን ያህል እርጥብ ነበር፣ ስንት ናሙና ተወሰደ፣ የትኛው የስሌት ቀመር ይሻላል ወደሚለው ገባ። ለተራው አንባቢ አሰልቺ ይመስላል፤ ሆኖም ክርክሩ ወደ አፈርና ወደ ናሙና የወረደው ሰዎች ጥናቱን ቁም ነገር ብለው ስለመረመሩት ነው።

ቢሮው የመጨረሻ ውሳኔውን የሰጠው በየካቲት 2014 ነው፤ ከመዝጊያው ቀን ስድስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው። በሩ ተከፈተ፣ ግን ለሁሉም አይደለም። ፈቃድ የገዛ ሰው፣ በሕዝብ መንገድ ላይ ለመነዳት ታርጋ በወጣለት ተሽከርካሪ፣ በተለዩ መንገዶች ላይ ብቻ፣ በዓመት ለጥቂት ቀናት መግባት ይችላል። ለጥርጊያ ብቻ የተሠሩት ታርጋ የሌላቸው ሞተሮች ከሰርፐንቲኑ ቦታ ውጭ ቀሩ። ገላጣዎቹ ቁልቁለቶች ላይ መውጣትና መውረድ አከተመ።

ሞተረኞቹ ይህን መክፈት ብለው አይጠሩትም፤ እውነትም አላቸው፣ የሚወዱት ነገር አልተመለሰላቸውምና። ግን ሙሉ በሙሉ መዝጋትም አይደለም። ድንጋይ ሰብሳቢው፣ አዳኙና ተጓዡ ተመልሰዋል፤ ቤኒቶይት የወጣበትን ተራራ ለማየት የሚመጣ ሰው ገብቶ ያያል። የቀናት ገደቡም ከመለኪያው የመጣ ነው፤ አደጋው በቀናት ብዛት የሚቆለል ከሆነ መፍትሔውም በቀናት ይሰፈራል ከሚል። ከዚያ በኋላ ጉዳዩ ወደ ምክር ቤት ሄደ። የአካባቢው ተወካይ ሳም ፋር፣ በኋላም የተኳቸው ጂሚ ፓኔታ ክሊር ክሪክ ብሔራዊ የመዝናኛ ቦታ ሆኖ ለሞተር እንዲከፈት፣ በአጠገቡ ያለው የሆዋኪን ሮክስ አካባቢ ደግሞ በዱርነቱ እንዲጠበቅ የሚያደርግ ረቂቅ ሕግ ከአንድ ጊዜ በላይ አቀረቡ።

ወረፋ መጠበቅ ያልቻሉም አሉ። በዩታ ግዛት፣ ብላንዲንግ ከተማ አጠገብ ባለው የሪካፕቸር ሸለቆ ውስጥ በ2005 ያለ ፈቃድ የተጠረገ የሞተር መንገድ ተገኘ። ሸለቆው የጥንት ፑዌብሎ ሕዝቦች ቤትና መቃብር የሞላበት ስለሆነ ቢሮው በ2007 ለሞተር ዘጋው። አውራጃው መንገዱ እንዲፈቀድለት ማመልከቻ አስገብቶ ዓመታት አለፉ። በግንቦት 2014 የአውራጃው ኮሚሽነር ፊል ላይማን ተቃዋሚዎችን አስከትለው በባለ አራት ጎማ ሞተር ወደ ሸለቆው ገቡ። በ2015 ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ብሎ አሥር ቀን እስር ፈረደባቸው፤ በ2020 መጨረሻ ፕሬዚዳንት ትራምፕ ይቅርታ አደረጉላቸው። በመካከሉ፣ በ2017፣ ያ የዘገየው ማመልከቻ መልስ አገኘ፤ አንዳንድ ጥርጊያዎች ተፈቀዱ፣ ቅርሱ የበዛበት የሸለቆው ወለል ግን ተዘግቶ ቀረ። ሰልፉ በዜና ብዙ ተወራለት። መንገዱን የለየው ግን ፋይሉ ነው።

በሴራ ኔቫዳ ተራሮች በሚገኘው የኤልዶራዶ ብሔራዊ ደን የሆነው ደግሞ የሌላ ዓይነት ነው። እዚያ 42 መንገዶች በፍርድ ቤት ክርክር ምክንያት በ2012 ለሞተር ተዘጉ፤ ምክንያቱ እርጥብ ሣር ሜዳዎችን ማቋረጣቸው ነበር። ሣር ሜዳ በከፍተኛ ቦታ የበረዶ ውኃ የሚጠራቀምበት ስፖንጅ ነው። ጎማ ሲያርሰው ውኃው በጎማው ቦይ ይወርዳል፣ ሜዳው ይደርቃል። ጥያቄው ስለዚህ በየመንገዱ ተለያየ፤ ይህ መንገድ ሜዳውን በእርግጥ ይነካል ወይስ በዳሩ ያልፋል? ጉዳት እንደሌላቸው የታዩት ቀድመው ተከፈቱ፤ የቀሩት መሸጋገሪያቸው እስኪጠገን ወይም አቅጣጫቸው እስኪቀየር ቆዩ። መንገዱን በእግሩ ሄዶ ያየ ሰው አስተያየት ዋጋ የሚያወጣው እንዲህ ባለ ቦታ ነው።

ይህ አሠራር በ1970ዎቹ እንደተተከለ አልቀረም፤ አሁን እየጠበበ ነው። በግንቦት 2025 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዩታ ሊሠራ በታሰበ 88 ማይል የባቡር ሐዲድ ጉዳይ ላይ፣ ፍርድ ቤቶች የመሥሪያ ቤቶችን የአካባቢ ጥናት ሲመረምሩ ለመሥሪያ ቤቱ ዳኝነት ሰፊ ቦታ እንዲሰጡ ወሰነ። በዚያው ዓመት ለአሥርት ዓመታት ሁሉንም መሥሪያ ቤቶች ያስተሳሰረው የአስተያየት ደንብ ተሰረዘ። የመሬት አስተዳደር ቢሮው የሚታቀፍበት የአገር ውስጥ መምሪያም የራሱን ደንብ አሳጠረ፤ በብሔራዊ የአካባቢ ፖሊሲ ሕግ ሥር ረቂቅ ጥናት አውጥቶ አስተያየት መጠየቅ እንደ ቀድሞው ግዴታ መሆኑ ቀረ። ለመሬት አጠቃቀም ዕቅድ የተቀመጠው የ90 ቀን ጊዜ በሌላ ደንብ የቆመ ነው። ለውጡን የደገፉት ጥናት ዓመታት እየፈጀ ሥራ አስቸገረ ይላሉ፤ የክሊር ክሪክ ስድስት ዓመትም ለነርሱ ክርክር ይመቻል። ነገር ግን የተዘጋ ጥርጊያ እንዲከፈትለት የሚሻ ሞተረኛም ሆነ እንዲዘጋ የሚሻ ጎረቤት፣ ረቂቁን ሳያይ ስህተቱን ሊያርም አይችልም። መጥበቡ የሚጎዳው አንዱን ወገን ብቻ አይደለም፤ ለዚህ ጉዳይ ሁለቱም አብረው ቢቆሙ ይገባ ነበር።

ከክሊር ክሪክ መዝገብ ውስጥ አንድ ትንሽ ተክል ሳይነሣ መቅረት የለበትም። የሳን ቤኒቶ ፕሪምሮዝ ይባላል፤ ቢጫ አበባ የሚያወጣ፣ ከመሬት ብዙም የማይነሣ፣ በአንድ ዓመት በቅሎ የሚደርቅ ተክል ነው። በዓለም ላይ የሚበቅለው በዚህ አካባቢ ብቻ ነው። በ1985 በጅረት ዳር ባሉ ጥቂት ደለላማ ደረጃዎች ላይ ብቻ የቀረ መስሎ ስለታየና ሞተርና ቁፋሮ ስላሠጋው፣ የመጥፋት ሥጋት ካለባቸው ተክሎች የፌዴራል ዝርዝር ገባ። የቢሮው ባለሙያዎች ቦታዎቹን አጠሩ፣ የጥርጊያዎቹን አቅጣጫ ቀየሩ፣ በየጸደዩ አበባውን ቆጠሩ። ከሞተረኞቹ ጋር ከነበረው ጭቅጭቅ ብዙው በዚህ አበባ ዙሪያ ነበር።

በኋላ ተመራማሪዎች ከጅረቱ ዳር ወጥተው ሰርፐንቲኑ ከሌላው አለት ጋር የሚገናኝበትን ወሰን ተከትለው ፈለጉ። አበባው እዚያም ነበር። ጥቂት የነበሩት መገኛዎች በመቶዎች ተቆጠሩ። በ2022 ተክሉ ከዝርዝሩ ወጣ። ማንም አልዋሸም ነበር፤ ቀድሞ የተፈለገው በአንድ ዓይነት ቦታ ብቻ ስለነበረ ነው። የዝርዝሩ ሕግ አገግሞ የወጣ ተክል ቢያንስ ለአምስት ዓመት ክትትል እንዲደረግለት ያዛል። ስለዚህ ጸደይ በመጣ ቁጥር፣ ሞተር በማይደርስባቸው ገላጣ ቁልቁለቶች ዳር፣ ቢጫ አበባ የሚቆጥሩ ሰዎች አሉ።